ባለ 120 ሚሊሜትሩ ብስክሌት፦ ፍሬም ሲመረጥ ምን ይታያል?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 2012 በለንደን ኦሊምፒክ የወንዶች የተራራ ብስክሌት ውድድር አንደኛውን ከሁለተኛው የለየችው አንዲት ሰከንድ ነበረች። ከለንደን በስተምሥራቅ፣ በኤሴክስ በሚገኘው የሃድሊ ፋርም ኮረብታ ላይ የቼክ ሪፐብሊኩ ያሮስላቭ ኩልሃቪ የስዊዘርላንዱን ኒኖ ሹርተርን ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አልፎ ወርቁን ወሰደ። ሁለቱም ከዚያ በፊት የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል፤ በጉልበትም በብልሃትም የሚበላለጡ አልነበሩም። የተቀመጡበት ብስክሌት ግን ይለያያል። ሹርተር የመረጠው ከኋላው ሾክ የሌለውን፣ ሃርድቴል የሚባለውን ቀለል ያለ ብስክሌት ነበር። ኩልሃቪ ደግሞ ፊትም ኋላም ሾክ ያለውን፣ ማለትም ፉል ሰስፔንሽን የሆነውን ስፔሻላይዝድ ኤፒክ ይዞ ቀረበ።

በአንድ ሰከንድ ያለቀ ውድድር ስለ ብስክሌት የመጨረሻ ፍርድ አይሰጥም። ሆኖም ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አመዘነ። ሹርተር ከአራት ዓመት በኋላ በሪዮ ወርቁን ሲያጠልቅ እሱም ፉል ሰስፔንሽን ላይ ነበር። እንግሊዛዊው ቶም ፒድኮክ በቶኪዮም በፓሪስም ያሸነፈው፣ ፈረንሳዊቷ ፖሊን ፌራን ፕሬቮ በፓሪስ የሴቶቹን ወርቅ የወሰደችው እንዲህ ባለው ብስክሌት ነው። በውድድሩ ዓለም «የኋላ ሾክ ክብደቱን ያካክሳል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ተዘግቷል ማለት ይቻላል። ዛሬ ገንዘቡን ይዞ ገበያ የሚወጣ ሰው የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ የትኛው ፍሬም?

በቅድሚያ ስለምን እንደሚወራ እንግለጽ። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ወደ ላይ የሚገፋበትና ሾኩ የሚውጠው ከፍተኛ ርቀት በብስክሌተኞች አነጋገር ትራቭል ይባላል። ከገደል አፋፍ ቁልቁል ለመውረድ ብቻ የተሠሩ ብስክሌቶች ወደ 200 ሚሊሜትር የሚጠጋ ትራቭል አላቸው። ለከባድ ቁልቁለት ውድድር የሚውሉት ከ150 እስከ 170 ይደርሳሉ። አጭር የሚባለው ከኋላ ከ100 እስከ 130 ሚሊሜትር ያለው ነው። ትሬክ ሱፐርካሊበር ከዚህም ወርዶ በመጀመሪያው ትውልዱ 60 ሚሊሜትር ብቻ ነበረው። የእሽቅድምድሙ ስኮት ስፓርክና ስፔሻላይዝድ ኤፒክ፣ ለመዝናኛ የሚመረጡት ትራንዚሽን ስፐር፣ ሳንታ ክሩዝ ቶልቦይና ትሬክ ቶፕ ፊውል በቅርብ ዓመታት ሞዴሎቻቸው ሁሉም 120 ሚሊሜትር ላይ ተገናኝተዋል።

እንግዲህ አምስት ፍሬሞች ተመሳሳይ ቁጥር ይዘው ሲቀርቡ ገዢው ምን ያድርግ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥሩን አይቶ «ሁሉም አንድ ናቸው» ይልና በቀለም ወይም በክብደት ይመርጣል። ግን 120 ሚሊሜትር ሆነው አንዱ ከዳገት ላይ እንደ ሃርድቴል የሚፈናጠር፣ ሌላው ደግሞ ቁልቁለት ላይ ከትልቆቹ ጋር የሚፎካከር ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ፍሬሙ ነው። ትራቭሉ ረጅም ሲሆን የነጂውን ስህተትና የፍሬሙን ጉድለት ሾኩ ይሸፍነዋል። ትራቭሉ ሲያጥር መሸፈኛው ይሳሳል፤ የማዕዘኖቹ አቀማመጥ፣ የቱቦዎቹ ርዝመት፣ የመጋጠሚያዎቹ ሥፍራ ሁሉ በነጂው እጅና እግር ላይ በቀጥታ ይሰማል። አጭር ትራቭል የሚመርጥ ሰው ስለ ፍሬም ከሌላው ሰው ይልቅ መጨነቅ ያለበት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ መታየት ያለበት የቅርጹ ሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ አምራች በየመጠኑ የማዕዘንና የርዝመት ሰንጠረዥ ያወጣል፤ ሲያዩት ያሰለቻል፣ ነገር ግን ከማስታወቂያው ሁሉ ይልቅ እውነቱ ያለው እዚያ ነው።

ከሰንጠረዡ ውስጥ አስቀድሞ የሚፈለገው ሪች የሚባለው ልክ ነው። ይህም ከፔዳሉ ማዕከል ተነሥቶ ወደ መሪው አንገት ጫፍ ያለው አግድም ርቀት ነው። ነጂው ከኮርቻው ተነሥቶ ፔዳሎቹ ላይ ሲቆም የሚያገኘውን ስፋት የሚወስነው ይህ ልክ ነው፤ ቁልቁለት ደግሞ የሚወረደው ቆሞ ነው። ድሮ ሰዎች ፍሬም የሚመርጡት በኮርቻው ቱቦ ርዝመት ነበር። ዛሬ ኮርቻው ከፍ ዝቅ በሚል ምሰሶ ላይ ስለሚቀመጥ ያ ልክ እምብዛም ዋጋ የለውም። ቁመቱ 1.75 ሜትር ለሆነ ሰው ብዙ አምራቾች የሚያቀርቡት ሪች ከ440 እስከ 460 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። በሁለት መጠኖች መካከል የወደቀ ሰው ሰፋ ያለና ፈጣን መንገድ የሚወድ ከሆነ ትልቁን፣ በዛፎች መሐል እየተጠማዘዘ መሄድ የሚወድ ከሆነ ትንሹን ቢወስድ ይሻላል።

ሁለተኛው የመሪው አንገት ማዕዘን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የነበሩት የእሽቅድምድም ብስክሌቶች 71 ዲግሪ አካባቢ ነበሩ፤ የፊት ጎማው ከነጂው እጅ ሥር ተሸጉጦ ስለሚሄድ በዳገት ላይ መሪው ቀላልና ፈጣን ነበር፣ በገደላማ ቁልቁለት ላይ ግን ነጂውን በመሪው ላይ አሽቀንጥሮ የመጣል ጠባይ ነበረው። አብዛኞቹ የዛሬ ባለ 120 ሚሊሜትር ፍሬሞች ከ65 ተኩል እስከ 67 ተኩል ዲግሪ ባለው ውስጥ ናቸው። ማዕዘኑ ሲዘነብል የፊት ጎማው ወደፊት ይርቃል፣ ብስክሌቱም በፍጥነት ሲወርድ ይረጋጋል። ዋጋውም አለው፦ ዝግ ባለ ዳገት ላይ የፊት ጎማው ወዲያና ወዲህ ይንከራተታል፣ ጠባብ መታጠፊያም ላይ ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል። አብዛኛውን ጊዜውን ሜዳና ለስላሳ ዳገት ላይ የሚያሳልፍ ሰው የመጨረሻውን የተዘነበለ ፍሬም መግዛቱ ትርፍ የለውም።

ሦስተኛው የኮርቻው ቱቦ ማዕዘን ነው፤ ይህም ቀጥ ወዳለው፣ ወደ 75 እና 76 ዲግሪ ሄዷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዳገት ሲወጣ ክብደት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የኋላው ሾክም ይሰምጣል፤ ቱቦው ቀጥ ካላለ ነጂው ከኋላ ጎማው በላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ የፊቱ ጎማ ይነሣል። ረጃጅም ሰዎች እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት አለባቸው። በሰንጠረዡ ላይ የሚጻፈው ማዕዘን ብዙ ጊዜ የሚለካው በመሪው አንገት ከፍታ ልክ ነው። ኮርቻቸውን ከዚያ በላይ ብዙ ከፍ የሚያደርጉ ሰዎች ወንበራቸው ከተጻፈው ይልቅ ወደ ኋላ ርቆ ያገኙታል።

አራተኛው ከፔዳሉ ማዕከል እስከ ኋላው አክስል ያለው የኋላው ክንድ ርዝመት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ430 እስከ 440 ሚሊሜትር ይሆናል። አጭሩ ጨዋታ ይወዳል፣ ረጅሙ ዳገት ላይ የፊት ጎማውን መሬት ላይ ያቆየዋል። ከትንሹ እስከ ትልቁ መጠን አንድ ዓይነት የኋላ ክንድ የሚጠቀም አምራች ለረጃጅሞቹ ነጂዎች ሚዛኑን ያዛባባቸዋል፤ በየመጠኑ የሚያስረዝሙ አምራቾች መኖራቸው መልካም ነው።

ከቅርጹ ቀጥሎ የሚመጣው የኋላው ጎማ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ነው፤ የዚህ ብስክሌት ነፍሱ ያለችውም እዚህ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ ማሪን ካውንቲ፣ በታማልፓይስ ተራራ ግርጌ፣ ጋሪ ፊሸር፣ ጆ ብሪዝ፣ ቻርሊ ኬሊና ጓደኞቻቸው አሮጌ ከባድ ብስክሌቶችን እየጠጋገኑ በአፈር መንገድ ቁልቁል ይወርዱ ነበር። ያኔ ሾክ አልነበረም፤ ድንጋዩን የሚውጠው የነጂው ክርንና ጉልበት ነበር። ሮክሾክስ የተባለው ድርጅት የመጀመሪያውን የፊት ሹካ ገበያ ያወጣው በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። የኋላው ተከተለ። ከኦስትሪያ ወደ አሜሪካ የሄደው የቀድሞ የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ሆርስት ላይትነር አንዷን መጋጠሚያ ከኋላው አክስል ፊት ለፊት፣ ከታችኛው ክንድ ላይ አስቀመጠ። በዚህ አሠራር ጎማው በድንጋይ ሲገፋ ፍሬኑ ቢያዝም ሾኩ በነፃነት ይሠራል። ስፔሻላይዝድ ይህን የፈጠራ መብት ገዝቶ ለዓመታት በእጁ ያዘው፤ በአሜሪካ ገበያ ይህን አሠራር የፈለገ ሌላ አምራች ወይ መክፈል ወይ ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረበት። ዛሬ የምናያቸው የተለያዩ አሠራሮች፣ ዴቭ ዊግል የሠራው ዲደብሊው ሊንክም ሆነ ሳንታ ክሩዝ የታወቀበት ቪፒፒ፣ የተበራከቱት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ገዢው የእነዚህን ስሞች ሁሉ ማወቅ አይጠበቅበትም። ሁለት ነገር ብቻ ቢረዳ ይበቃዋል።

አንደኛው በጎማውና በሾኩ እንቅስቃሴ መካከል ያለው ምጣኔ ነው። ፍሬሙ 120 ሚሊሜትር ትራቭል ኖሮት የሾኩ ዘንግ የሚገባው 45 ሚሊሜትር ከሆነ፣ 120 ለ45 ሲካፈል ወደ 2.7 ይመጣል። ይህ ማለት ጎማው ላይ ያረፈው ኃይል ሾኩ ዘንድ ሲደርስ በአማካይ 2.7 ጊዜ ተባዝቶ ነው። ዘንጉ 50 ሚሊሜትር ቢገባ ምጣኔው 2.4 ይሆናል። 55 ኪሎ ለምትመዝን ሴት የመጀመሪያው ምንም አያስቸግራትም፤ እንዲያውም ትንሽ ጠጠር ሲመታ እንኳ ሾኩ ይንቀሳቀስላታል። 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግን ሾኩን ለመሙላት ብዙ የአየር ግፊት ያስፈልገዋል፣ አምራቹ ከፈቀደው ጣሪያም ሊጠጋ ይችላል። ከባድ ሰው ዝቅተኛ ምጣኔ ያለውን ቢመርጥ ይመከራል።

ምጣኔው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሆኖ አይቆይም። ለምሳሌ ከ2.9 ተነሥቶ ወደ 2.4 የሚወርድ ከሆነ ወደ 17 በመቶ ይቀንሳል፤ ሾኩ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል ማለት ነው። በአጭር ትራቭል ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሲዘልና ሲያርፍ የመጨረሻው ሚሊሜትር በድንገት እንዳያልቅ የሚያደርገው ይህ መጠንከር ነው። የአየር ሾክ በራሱ እየጠነከረ የሚሄድ ስለሆነ ፍሬሙ ከልክ በላይ ከጨመረበት ግን ነጂው ሙሉ ትራቭሉን ሳይጠቀምበት ይኖራል፣ ለ120 ከፍሎ 100 ያገኛል።

ሁለተኛው የሰንሰለቱ ጉዳይ ነው። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ ክብደቱ ወደ ኋላ ይጫናል፤ ሾኩም መስመጥ ይፈልጋል። በሌላ በኩል ሰንሰለቱ የኋላውን ጎማ ወደ ፊት ይስባል፣ መጋጠሚያዎቹ በትክክለኛው ቦታ ከተቀመጡም ይህ ስበት መስመጡን ይቃወማል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ ብስክሌቱ በየርግጫው አይወዛወዝም። መሐንዲሶች ይህን ሚዛን በመቶኛ ይለኩታል፤ መቶ ሲሆን ሙሉ ለሙሉ ተመጣጥኗል። ታዲያ ለምን ሁሉም ከመቶ በላይ አያደርገውም? ሰንሰለቱ በተወጠረ ቁጥር ጎማው ድንጋይ ሲመታ ፔዳሉን ወደ ኋላ ይጎትተዋልና። ነጂው በእግሩ መርገጫ ይሰማዋል፤ ድንጋያማ ዳገት ላይ ደግሞ ጎማው መሬቱን መያዙን ያጣል። ለውድድር የተሠሩት ወደ ሰንሰለቱ ያደላሉ፣ ለመዝናኛ የተሠሩት ወደ ጎማው።

አምራቾች ይህን ጥል ለማስታረቅ ብዙ ደክመዋል። ስኮት በመሪው ላይ ባለ ማንሻ ፊቱንና ኋላውን አንድ ላይ የሚያጠነክር አሠራር አለው። ስፔሻላይዝድ መንገዱ ለስላሳ ሲሆን ራሱን የሚቆልፍ፣ ጎማው ሲመታ የሚለቀቅ ብሬይን የተባለ ሾክ ለዓመታት በኤፒክ ላይ አድርጎ ነበር። ትሬክ በሱፐርካሊበር ሾኩን የፍሬሙ አካል አድርጎ ከላይኛው ቱቦ ሥር ሠራው። ሁሉም ድንቅ ምህንድስና ናቸው። ለተራው ገዢ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ያስነሣሉ፦ ይህ ሾክ ከአምስት ዓመት በኋላ ቢበላሽ በሌላ ይተካል? መደበኛ ልክ ያለው፣ ለምሳሌ ርዝመቱ 190 ዘንጉ 45 የሆነ ሾክ ከየትኛውም አምራች ተገዝቶ ይገጠማል። ለአንድ ፍሬም ብቻ የተሠራው ሲበላሽ ፍሬሙ የአንድ ድርጅት እስረኛ ይሆናል። ከውድድር ቡድን ውጭ ያለ ሰው፣ መካኒክ ከኋላው የማይከተለው ሰው፣ መደበኛውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

በቅርብ ዓመታት የታየ ሌላ ለውጥም አለ። ቀደም ሲል ከኋላው አክስል አጠገብ ኩሽኔታ የገባበት መጋጠሚያ ነበር። አሁን በብዙ አጭር ትራቭል ፍሬሞች ላይ ይህ መጋጠሚያ ወጥቶ የካርቦኑ ክንድ ራሱ በጥቂቱ እንዲታጠፍ ይደረጋል። ትራቭሉ አጭር ስለሆነ የሚፈለገው መታጠፍ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው፤ ካርቦኑ ይችለዋል። ክብደት ይቀንሳል፣ የሚያረጁ ኩሽኔታዎችም ይቀንሳሉ። ሳንታ ክሩዝ በስሙ የታወቀበትን ቪፒፒ ከብለር ሞዴሉ ላይ አንሥቶ ወደዚህ ቀላል አሠራር መዞሩ ብዙ ይናገራል። ለአጭር ትራቭል ውስብስብነት ሁልጊዜ ጥቅም የለውም።

ስለ ቁሱ ብዙ ማውራት አያስፈልግም። ምርጥ የካርቦን የውድድር ፍሬም ከነሾኩ ከ2 ኪሎ በታች ይመዝናል፤ አሉሚኒየሙ ብዙ ጊዜ ከ3 ኪሎ በላይ ነው። ልዩነቱ ዳገት ላይ ይሰማል፣ ዋጋው ላይ ግን በጣም ይሰማል፤ የካርቦን ፍሬም ከሾኩ ጋር ከ3,000 ዶላር በላይ መጠየቁ የተለመደ ነው። በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ለመዝናናት ለሚወጣ ሰው መልካም ቅርጽ ያለው አሉሚኒየም መጥፎ ቅርጽ ካለው ካርቦን ይበልጣል። አንድ ኪሎ ለመቀነስ የተከፈለው ገንዘብ በተሻለ ሾክ፣ በተሻለ ቸርኬና በተሻለ ጎማ ላይ ቢውል ብስክሌቱ የበለጠ ይለወጣል።

ፍሬም ለብቻ መግዛት ራሱ መታሰብ አለበት። ሁሉንም ዕቃ በችርቻሮ ገዝቶ መገጣጠም ብዙ ጊዜ ከተሟላ ብስክሌት ይወደዳል። ፍሬም ብቻ መግዛት የሚያዋጣው ከአሮጌው ብስክሌት የሚተላለፍ ጥሩ ዕቃ ላለው ሰው ነው፤ እዚያም ልኮቹ ካልተገጣጠሙ ችግር አለ። የዛሬ ፍሬሞች የኋላ አክስል ስፋት 148 ሚሊሜትር ነው፤ የቀድሞው 142 ነበር፣ ስለዚህ የድሮው ቸርኬ እንዳለ አይገባም። በ26 ኢንች ጎማ የተሠራ ብስክሌት ያለው ሰው ከአሮጌው የሚያድነው ጥቂት ነው፤ አዲሶቹ ሁሉም ማለት ይቻላል 29 ኢንች ናቸው። የካምቢዮ ማንጠልጠያው ስራም የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣውና ዩዲኤች የተባለው ሁሉን አቀፍ ዓይነት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሲጎብጥ መለዋወጫው በቀላሉ ይገኛል፣ የስራም አዳዲስ ገመድ አልባ ማርሾችም ያለ እሱ አይገጠሙም። የፔዳሉ ማዕከል በጥርስ የሚጠብቅ ይሁን፤ ተጨምቆ የሚገባው ዓይነት ሲያረጅ ይንጫጫል፣ ለመንቀልም ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል። የፍሬንና የማርሽ ገመዶች በመሪው አንገት ኩሽኔታ ውስጥ አልፈው የሚገቡበት አዲሱ ፋሽን ለዓይን ያምራል፣ ነገር ግን አንዲት ኩሽኔታ ለመለወጥ ገመዶቹን ሁሉ መፍታት ግድ ይሆናል።

የፊት ሹካው ከፍሬሙ ጋር መስማማት አለበት። ባለ 120 ፍሬም ላይ 130 ሹካ መግጠም የተለመደ ነው፤ 10 ሚሊሜትር ሲጨመር የመሪው ማዕዘን ግማሽ ዲግሪ ያህል ይዘነብላል፣ የኮርቻውም እንዲሁ። ከዚያ በላይ የሚጨምር ሰው የአምራቹን ገደብ አስቀድሞ ያንብብ፤ ገደቡን ያለፈ ሹካ ዋስትናውን ያስቀራል።

ትንሽ የምትመስል ግን ቀን የምታበላሽ ነገር ደግሞ አለች፦ ውኃ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ ዌስተርን ኬፕ የሚካሄደው ኬፕ ኤፒክ ተወዳዳሪዎችን ሁለት ሁለት አድርጎ ለስምንት ቀናት በአቧራና በድንጋይ ውስጥ ያስጉዛል። ስዊዘርላንዳዊው ክሪስቶፍ ሳውዘር አምስት ጊዜ ያሸነፈው ይህ ውድድር የአጭር ትራቭል ብስክሌቶች ዋና መፈተኛ ነው። ስፔሻላይዝድና ሌሎችም በፍሬሙ መሐል ሁለት የውኃ ጠርሙስ የሚይዝ ቦታ እንዲኖር የሚደክሙት እንዲህ ላለው ቀን ነው። ሾኩ መሐል ላይ ተጋድሞ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ብቻ የሚያስገባ ፍሬም ሩቅ ለሚሄድ ሰው ቦርሳ ያሸክመዋል።

ለኢትዮጵያውያን ነገሩ ሩቅ አይደለም። አገራችን በሜልበርን ኦሊምፒክ፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰለፍ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ በባሕር ዛፍ መሐል የብስክሌት መንገዶች አሉት። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ዴንቨርና ሲያትል ደግሞ የተራራ መንገድ ደጃቸው ላይ ያለ ከተሞች ናቸው። ከዚያ ፍሬም ገዝቶ ወደ አገር ቤት ለሚያመጣ ሰው ከሁሉ በፊት የሚታየው ጥገናው ነው። የመጋጠሚያዎቹ ኩሽኔታዎች መደበኛ ልክ ካላቸው፣ ለምሳሌ በሽፋናቸው ላይ 6902 የሚል ቁጥር ካለ፣ የማሽንና የመኪና ኩሽኔታ ከሚሸጥበት ሱቅ ሊገኙ ይችላሉ። የሾኩ የውስጥ ጎማዎች ግን ለየሾኩ የተለዩ ናቸው። ሮክሾክስ የአየር ክፍሉ በየ50 ሰዓቱ ግልቢያ ተከፍቶ እንዲጸዳና ዘይቱ እንዲታደስ ያዛል፤ አቧራው በበዛበት የበጋ መንገድ ይህን ማለፍ አያዋጣም። ስለዚህ ፍሬሙን የሚያመጣ ሰው የጎማ ቀለበቶቹን ስብስብና የሾክ መንፊያ ፓምፕ አብሮ ቢያመጣ ኋላ አይቸገርም።

ያገለገለ ፍሬም የሚገዛ ሰው ሾኩን ከግንኙነቱ ፈትቶ የኋላውን ክንድ በእጁ ወደ ላይና ወደ ታች ቢያንቀሳቅሰው ብዙ ያውቃል። ክንዱ ያለ ድምፅና ያለ መንገታገት መንቀሳቀስ አለበት፤ ወደ ጎን ቢናጥ ኩሽኔታዎቹ አልቀዋል። ቀጥሎ የታችኛው ቱቦ ሆድ፣ ድንጋይ እየተወረወረ የሚመታው ቦታ፣ በጥፍር እየተዳሰሰ ይፈተሽ። በአሉሚኒየም ላይ ስንጥቅ የሚጀምረው ከብየዳው ጫፍ ነው፤ ቀለሙ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ከተሰነጠቀ መጠርጠር ያስፈልጋል። ብዙ አምራቾች የዕድሜ ልክ ዋስትና የሚሰጡት ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ መሆኑም በዋጋ ድርድር ላይ መነሣት አለበት።

መሞከር የሚቻል ከሆነ በሱቁ ደጅ አስፋልት ላይ መዞር ምንም አይነግርም። መጀመሪያ ሾኩ ለነጂው ክብደት ይስተካከል። በሾኩ ዘንግ ላይ ያለችው ቀጭን የጎማ ቀለበት ወደ ላይ ትገፋና ነጂው ሙሉ ትጥቁን ለብሶ፣ ውኃውን ይዞ፣ ቀስ ብሎ ይቀመጣል፤ ሳይወዛወዝ ሲወርድ ቀለበቷ የት እንደቆመች ይለካል። ዘንጉ 45 ሚሊሜትር የሆነ ሾክ ከ11 እስከ 13 ሚሊሜትር ቢሰምጥ ለአብዛኛው ሰው ትክክል ነው፤ ተወዳዳሪዎች ከዚህ ያነሰ ይመርጣሉ። ከዚያ ድንጋይ ያለበት አጭር ዳገት ተቀምጦ ይወጣ፣ ያው መንገድ ቆሞ ይወረድ፣ ግፊቱ በጥቂቱ ተለውጦ እንደገና ይሞከር። ፍሬሙ ተገዝቶ ከተገጣጠመ በኋላም ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ግልቢያዎች ቀጥሎ የመጋጠሚያዎቹ ብሎኖች በአምራቹ ሰነድ ላይ በተጻፈው የኒውተን ሜትር መጠን፣ በቶርክ መፍቻ፣ ዳግም መፈተሽ አለባቸው፤ በአዲስ ፍሬም ላይ የሚሰማው ሲጥሲጥታ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ያኔ ነው።